የኮል ሴንተር ሪፖርት ቁጥሩ አልገጥም ሲል

ሰኞ ጠዋት ገና ኮምፒውተሬን ሳልከፍት ሱፐርቫይዘሯ መጥታ አንድ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አደረገች። የዓርብ ሪፖርት ነው። ሰርቪስ ሌቭል፣ ማለትም ቶሎ የተነሱ ጥሪዎች ድርሻ፣ 74 በመቶ ይላል። ቀጥላ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችኝ። ዓርብ ከመውጣቷ በፊት ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ስክሪን አንስታዋለች፤ እሱ ደግሞ 91 ይላል። «የልጆቼ ቦነስ በዚህ ቁጥር ነው የሚሰላው፣ እና የቱን ልመን?» አለችኝ። ልጆቼ የምትለው ኤጀንቶቹን፣ ስልክ የሚያነሱትን ነው።

መልስ አልነበረኝም። «ቆይ ልየው» ብዬ ሸኘኋት። ማየቱ ሁለት ቀን ተኩል ፈጀ። ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ጣጣ በተለያየ መልክ ደጋግሞ ስለገጠመኝ፣ ያገኘሁትን ሁሉ እዚህ ልዘርግፈው። ምናልባት የአንዳችሁን ሁለት ቀን ያተርፍ ይሆናል።

መጀመሪያ ያደረግኩት ሁላችሁም የምታደርጉትን ነው። ሪስታርት። የሪፖርት ሰርቪሱን አጥፍቼ አስነሳሁት፣ 74 እንዳለ ቁጭ ብሏል። ከዚያ ሶፍትዌሩን ለሸጠልን ድርጅት «ሪፖርቱ ትክክል አይደለም» ብዬ ቲኬት፣ ማለትም የድጋፍ ጥያቄ ከፈትኩ። ከግማሽ ቀን በኋላ «እባክዎ የትኛው ሪፖርት፣ የትኛው ቀን፣ የትኛው ጥሪ እንደሆነ ይግለጹልን» የሚል መልስ መጣ። ተናደድኩ። ግን ልክ ነበሩ። እኔም አንድ ሰው መጥቶ «ሲስተሙ አይሠራም» ሲለኝ የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ሪፖርቱን ትቼ ጥሪ ያዝኩ። ዓርብ ዕለት ሥራ ቀዝቀዝ ያለበትን አንድ ሰዓት መረጥኩ፣ በዚያ ሰዓት ውስጥ የገቡትን ጥሪዎች አንድ በአንድ ከነመለያ ቁጥራቸው ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ሠላሳ ምናምን ናቸው። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም። ግን አንድ ጥሪ ከስልክ ሲስተሙ ተነስቶ ሪፖርት እስኪሆን ድረስ የሚያልፍባቸው ቦታዎች አራት ብቻ ናቸው። ሲስተሙ ራሱ የሚጽፈው ሎግ አለ። ያንን ሎግ እያነበበ ዳታቤዝ ውስጥ የሚያስገባ ፕሮግራም አለ። ከዚያ በየ15 ወይም በየ30 ደቂቃው፣ አንዳንዱ ሲስተም ላይ ደግሞ ሌሊት፣ ጥሬውን መረጃ ደምሮ ማጠቃለያ ሰንጠረዥ የሚሠራ ጆብ፣ በሰዓቱ ራሱ የሚነሳ ሥራ አለ። መጨረሻ ላይ ሪፖርቱ ያንን ማጠቃለያ እያነበበ ገጽ ላይ ያወጣዋል። ጥሪው የት ላይ እንደጠፋ ወይም እንደተባዛ ካወቃችሁ ሥራው አለቀ ማለት ነው። እኔ ግን ለብዙ ጊዜ ከአራተኛው ቦታ ጀምሬ ነበር ወደ ኋላ የምቆፍረው። እዚያ ያለው ቁጥር ብቻ ነው፣ ቁጥር ደግሞ ከየት እንደመጣ አይናገርም።

የእኛ ጥሪዎች አራቱንም ቦታ በደህና አለፉ። አንድም የጠፋ የለም። እንግዲህ መረጃው ልክ ከሆነ ልዩነቱ ስሌቱ ውስጥ ነው።

ሰርቪስ ሌቭል ሲባል ብዙ ቦታ የተለመደው 80/20 ነው፤ ከሚገቡት ጥሪዎች 80 በመቶው በ20 ሰከንድ ውስጥ ይነሳ ማለት። ቀላል ይመስላል። ጣጣው ያለው «ከሚገቡት ጥሪዎች» የሚለው ላይ ነው። የዓርቡን ቁጥር እንዲቀላችሁ ወደ መቶ ላውርደው። መቶ ሰው ደወለ። 74ቱ በ20 ሰከንድ ውስጥ ተነሳላቸው። 7ቱ ከ20 ሰከንድ በኋላ ተነሳላቸው። 19ኙ መጠበቅ ሰልችቷቸው ዘግተው ሄዱ። ሪፖርቱ 74ን ለመቶው አካፈለና 74 በመቶ አለ። ስክሪኑ ደግሞ ዘግተው የሄዱትን ጭራሽ አልቆጠራቸውም፤ 74ን ለ81 አካፈለና 91 አለ። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ሁለቱም ሶፍትዌር ሲገዛ አብሮ የመጣውን ስሌት እንዳለ ይዘው ነው የሚሠሩት፣ ማንም ቀይሮት አያውቅም።

ሦስተኛ ስሌትም አለ። ደንበኛው ገና ደውሎ በ5 ሰከንድ ውስጥ ከዘጋ ተሳስቶ ነው የደወለው ተብሎ አይቆጠርም። ከ19ኙ ውስጥ እንዲህ ያሉት 6 ነበሩ። እነሱን ስናወጣ 74 ለ94 ይሆናል፣ 79 በመቶ ገደማ። አንድ ዓርብ፣ ሦስት ቁጥር፣ ሦስቱም ልክ።

በነገራችን ላይ ዘግቶ የሚሄደው ሰው ሂሳቡን ያስቸገረው ዛሬ አይደለም። የስልክ ወረፋን በሂሳብ ማስላት የጀመረው አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ የሚባል ዴንማርካዊ ነው። ኮፐንሃገን ውስጥ በስልክ ኩባንያ ይሠራ ነበር፣ የመጀመሪያ ጽሑፉን ያወጣው በ1909 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬም «ለዚህ ያህል ጥሪ ስንት ኤጀንት ያስፈልጋል?» ለሚለው ጥያቄ ኮል ሴንተሮች የሚጠቀሙበት ኤርላንግ ሲ የሚባለው ቀመር በስሙ ነው የሚጠራው። ቀመሩ ውስጥ ግን አንድ የሚገርም ግምት አለ። የደወለ ሰው እስኪነሳለት ድረስ ይጠብቃል፣ ማንም አይዘጋም። እንዲህ ያለ ደንበኛ ያጋጠማችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ወደ ጉዳዩ ልመለስ። ይህን ሁሉ አግኝቼ ጮቤ እየረገጥኩ ሳለ ሌላ ነገር አየሁ። ለማኔጅመንት በየወሩ የሚላክ የድሮ ሪፖርት አለ፣ ከእኔ በፊት የነበረ ልጅ የሠራው። እሱ ላይ ዘግተው የሄዱ ደንበኞች ዜሮ ናቸው። ለወራት ዜሮ። ማንም «እንዴት ሊሆን ይችላል?» ብሎ አልጠየቀም፣ ደስ የሚል ቁጥር የሚጠይቀው የለማ።

ይሄ አስተሪስክ በሚባለው የስልክ ሲስተም ሶፍትዌር ላይ ለምትሠሩ በጣም የተለመደ ወጥመድ ነው። ልጁ ሪፖርቱን የሠራው ከሲዲአር ነው፣ የጥሪ መዝገቡ ከሚባለው። ሲዲአር ላይ ጥሪ «ተነስቷል» የሚባለው ሰው ስላነሳው አይደለም። ደንበኛው ሲደውል መጀመሪያ የሚያነሳው ማሽኑ ነው፤ «እንኳን ደህና መጡ፣ ለዚህ 1ን ይጫኑ» የሚለው። ከዚያች ሰከንድ ጀምሮ ሲዲአሩ ጥሪው ተነስቷል ብሎ ይመዘግባል፣ የንግግር ሰዓትም ከዚያ ይቆጥራል። ደንበኛው አራት ደቂቃ ሙዚቃ ሰምቶ፣ ተበሳጭቶ ዘግቶ ቢሄድ እንኳ ሲዲአሩ ላይ የሚታየው በደንብ የተስተናገደ የአራት ደቂቃ ጥሪ ነው። ወረፋ ውስጥ የሆነውን ለማወቅ ማንበብ ያለባችሁ ኪው ሎግን፣ የወረፋውን መዝገብ ነው። እዚያ ላይ መቼ ወረፋ ገባ፣ መቼ ኤጀንት አነሳለት፣ ወይም መቼ ተስፋ ቆርጦ ዘጋ የሚለው እያንዳንዱ ለብቻው ተጽፏል። የዘጋ ከሆነ ስንት ሰከንድ እንደጠበቀም አብሮ አለ። ቅድም ያልኳችሁን በ5 ሰከንድ ውስጥ የዘጉትን የለየሁት ከዚያ ነው።

አሁን ደግሞ የራሴን ጉድ ልናገር።

የሎጉን ዝርዝር ከዳታቤዙ ዝርዝር ጋር ያመሳከርኩት ኤክሴል ላይ ነው። የመጀመሪያዋ ሰዓት በእጅ ስለነበረች ምንም አልሆነችም፣ ቀኑን ሙሉ በአንድ ጊዜ ላመሳክር ስል ግን ከአስር ጥሪ አንዱ ያህል ዳታቤዙ ውስጥ የለም አለኝ። ደነገጥኩ። ለሻጩ ድርጅት ኮስተር ያለ ኢሜይል ጻፍኩ፣ አለቃዬን ኮፒ አድርጌ። ከላክሁት በኋላ ነው የጠፉትን መለያ ቁጥሮች ረጋ ብዬ ያየኋቸው። ሁሉም በዜሮ የሚያልቁ ናቸው። የአስተሪስክ መለያ ሁለት ክፍል አለው፤ ከነጥቡ በፊት ጊዜው በሰከንድ፣ ከነጥቡ በኋላ ተራ ቁጥር። ኤክሴል ሲያየው ቁጥር ነው ብሎ ያስባል። ከነጥብ በኋላ 120 የሚለውን 12 ያደርገዋል፣ በሂሳብ ሁለቱ አንድ ናቸዋ። በዜሮ የሚያልቅ ደግሞ ከአስር አንዱ ነው። ዳታቤዙ ምንም አላጠፋም ነበር። ኢሜይሉን ሰርዤ ማስቀረት አልቻልኩም።

ስለዚህ ፋይሉን ዝም ብላችሁ ሁለቴ ክሊክ አድርጋችሁ አትክፈቱ። ዳታውን ወደ ኤክሴል ስታስገቡ መለያውንና የስልክ ቁጥሩን ጽሑፍ ነው ብላችሁ ንገሩት። አለዚያ የስልክ ቁጥር መጀመሪያ ላይ ያለችውን ዜሮ ይበላታል። ከ15 አሃዝ በላይ የሆነ ረጅም መለያ ካላችሁማ ከ15ኛው በኋላ ያሉትን አሃዞች ዜሮ ያደርጋቸዋል። አንድ ሺት የሚይዘውም 1,048,576 ረድፍ ብቻ ነው። የዓመት ዳታ ጎትታችሁ ድምሩ ሲያንስ ጥሪ ጠፋ ከማለታችሁ በፊት የመጨረሻዋን ረድፍ ቁጥር እዩ።

ሰዓት መደመርም ላይ አለ። ኤጀንቷ በሳምንት 27 ሰዓት አውርታ ኤክሴል 3 ሰዓት ይላል። 24ቱ የት ሄደ? ኤክሴል የሰዓት ፎርማት ላይ ቀን ከሞላ ወደ ዜሮ ተመልሶ ይጀምራል፣ ልክ እንደ ግድግዳ ሰዓት። የሰዓቱን ምልክት h በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ስታስገቡት 27 ብሎ ያሳያል። በዚህ ምክንያት አንዲት ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ስትሠራ ውላ ሦስት ሰዓት ብቻ አወራሽ ተብላ ስትጠየቅ አይቻለሁ። ቁጥሩን ያመጣው ሰው አንዴ እንኳ «ይሄ ነገር ይመስላል?» ብሎ ቢያስብ ኖሮ እዚያ ባልተደረሰ ነበር።

የቀንና የሰዓት ነገር ሌላ ምዕራፍ ነው። እኔ የምጠቀምባት አንዲት ዘዴ አለችኝ። ወሩ ገጥሞ ቀኑ ካልገጠመ የሰዓት ሰቅ ችግር ነው ብላችሁ ጀምሩ። ብዙ ሲስተም ጊዜን የሚያስቀምጠው በዩቲሲ፣ ለዓለም ሁሉ አንድ በሆነው መለኪያ ሰዓት ነው፣ ሪፖርቱ ደግሞ በአካባቢው ሰዓት ያሳያል። አንዱ ቦታ ላይ መቀየሩ ከተረሳ በእኩለ ሌሊት አካባቢ የገቡ ጥሪዎች ወደ ሌላ ቀን ይሻገራሉ። የወሩ ድምር ግን ብዙም አይነካም፣ ከአንዱ ቀን የወጣው ሌላው ቀን ላይ ገብቷላ። ሰዓት በዓመት ሁለቴ በሚቀይሩ አገሮች ደግሞ 23 ሰዓት ያለው አንድ ቀንና 25 ሰዓት ያለው አንድ ቀን አለ፤ በእነዚያ ቀናት ከባለፈው ሳምንት ጋር ማወዳደር ድካም ነው።

ቀኑ ገጥሞ ግማሽ ሰዓቱ ካልገጠመ ግን ጥሪው የትኛው ክፍል ላይ ነው የሚቆጠረው ብላችሁ ጠይቁ። 9:58 ላይ ወረፋ የገባ፣ 10:01 ላይ የተነሳለት፣ 10:09 ላይ የጨረሰ ደንበኛ አለ እንበል። አንዱ ሪፖርት በገባበት ይቆጥረዋል፣ ሌላው በጨረሰበት። አንዳንዱ ጭራሽ «ገባ» የሚለውን እዚህ፣ «ተነሳ» የሚለውን እዚያ ያስቀምጠዋል። በዚህ ጊዜ ከገቡት በላይ የተነሱ ጥሪዎች ያሉበት ግማሽ ሰዓት ታያላችሁ፣ ሰውም ይስቅባችኋል። ስህተት አይደለም። ሪፖርቱ ላይ አንድ መስመር ማብራሪያ ቢጻፍ ያልቅ ነበር።

የመጠበቂያ ጊዜ ከዜሮ በታች ሆኖ ካገኛችሁት ደግሞ ብዙ አትድከሙ። የሁለት ሰርቨሮች ሰዓት ተለያይቷል። የሰርቨሮቹን ሰዓት የሚያስተካክለው ኤንቲፒ እየሠራ መሆኑን እዩ።

ኤጀንቶቹ ያነሱት ሲደመር ከወረፋው ድምር ከበለጠስ? ትራንስፈር ነው። አንድ ደንበኛ ሦስት ኤጀንት ጋ ከተላለፈ ለደንበኛው አንድ ጥሪ ነው፣ ለኤጀንቶቹ ሦስት። ሁለቱም እውነት ነው፣ መደባለቅ ግን የለበትም። ኤጀንት ጋ ጠርቶ ሳይነሳ ወደ ሌላ የሚዞረውም እንደዚያው ነው። አንድ ጥሪ አራት ሰው ጋ ጠርቶ አምስተኛው ቢያነሳው፣ አራት ያመለጡ ጥሪዎች የሚመዘግብ ሪፖርት አለ። አለቃ ያንን ሲያይ የሚሆነውን አስቡት።

አማካይም አለ። አማካይ ላይ ትዕግስት የለኝም። አንዱ ኤጀንት 10 ጥሪ በአማካይ በ2 ደቂቃ፣ ሌላው 90 ጥሪ በአማካይ በ6 ደቂቃ ጨረሱ። የቡድኑ አማካይ ስንት ነው? 2ንና 6ን ደምሮ ለሁለት ያካፈለ ሪፖርት 4 ይላል። እውነተኛው 560 ደቂቃ ለ100 ጥሪ ነው፣ 5.6። በዚህ ልዩነት ላይ ተመሥርቶ ሰው ይቀጠራል፣ ሰው ይቀነሳል።

ሪፖርቱ ጭራሽ ሳይከፈት ሲቀር፣ ወይም እየዞረ እየዞረ ቆይቶ ሲሞት፣ ነገሩ ይቀላል። የቀኑን ክልል አሳጥሩት። የአንድ ቀን ከመጣና የሦስት ወር ካልመጣ ሪፖርቱ ለዳታቤዙ የሚያቀርበው ጥያቄ ከተፈቀደለት ጊዜ በላይ እየፈጀ ነው። ዶትኔት በሚባለው የማይክሮሶፍት የፕሮግራም መሥሪያ የተሠሩ ብዙ ሪፖርቶች ማንም ካልቀየረው ዳታቤዙን የሚጠብቁት 30 ሰከንድ ብቻ ነው። ልክ በሠላሳኛዋ ሰከንድ ላይ የሚወድቅ ከሆነ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። ሰከንዱን መጨመር ይቻላል፣ ግን መጀመሪያ ዳታቤዙ መረጃ ቶሎ የሚያገኝበትን ኢንዴክስ እዩ፣ የሌሊቱ ጆብ እየሠራ ባለበት ሰዓት እየከፈታችሁት እንዳልሆነም አረጋግጡ።

ዜሮ የሚያሳይ ሪፖርት ግን ያስፈራኛል። አንድ ጊዜ ዲስኩ ሞልቶ ሎጉን የሚያነበው ፕሮግራም ድምፅ ሳያሰማ ቆመ። ሪፖርቱ ቀኑን ሙሉ 0 ጥሪ እያለ ሲያሳይ ዋለ፣ ምንም የስህተት መልእክት የለም። መረጃ የለም ማለትና ማንም አልደወለም ማለት እንዴት በአንድ ምልክት ይጻፋል? ይህን ያደረገውን ፕሮግራመር ባገኘው ቡና ጋብዤ እጠይቀው ነበር። ዲስኩን አጽድተን ጆቡን ለዚያ ቀን ድጋሚ ስናስነሳው ደግሞ ግማሹ ቀን ሁለት እጥፍ ሆኖ መጣ። ቀድሞ ገብቶ የነበረው ሳይሰረዝ ነው ድጋሚ የተደመረው። ድጋሚ ከማስላታችሁ በፊት የዚያን ቀን ማጠቃለያ ሰርዙ። ማጠቃለያውን ነው፣ ጥሬውን እንዳትነኩ! ባክአፕ ይዛችሁ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው።

ረቡዕ ከሰዓት ሱፐርቫይዘሯ ጋ ሄጄ ሦስቱን ቁጥሮች በአንድ ወረቀት አሳየኋት። 74፣ 79፣ 91። እያንዳንዱ ሥር ማን እንደተቆጠረና ማን እንዳልተቆጠረ በአንድ አንድ መስመር ጻፍኩላት። ዝም ብላ አነበበችው። ከዚያ አለቃችን ጋ አብረን ገባን፣ እሱ መሃለኛውን መረጠ። ከአሁን በኋላ በ5 ሰከንድ ውስጥ የዘጋ አይቆጠርም፣ ሌላው ሁሉ ይቆጠራል፣ ስክሪኑም ሪፖርቱም በዚሁ ይስተካከሉ ተባለ። ስሌቱም ከሪፖርቱ ርዕስ ሥር በትንሽ ፊደል ተጻፈ።

የቦነሱ ገደብ 80 ነው። ዓርብ 79 ላይ ቀረ።

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ያዝ አደረገችኝ። «ስማ እንጂ፣ አምስት ሰከንዱን አስር ብናደርገውስ?»

«እሱን የሚወስነው አለቃ ነው» አልኳት። ጠረጴዛዬ ጋ ስደርስ ግን አላስቻለኝም፣ ሎጉን ከፈትኩት። በ10 ሰከንድ ውስጥ የዘጉት 8 ናቸው። 74 ለ92፣ 80.4።

አልነገርኳትም።